አሉሚኒየም በቤቱ ለሚቆርጥ ሰው ስለሚስማማው መሣሪያ

በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታ ቤት የሚሠራባቸው ስፍራዎች ናቸው። ቤት በሚሠራበትም ሁሉ የአሉሚኒየም በርና መስኮት ይፈለጋል፤ ስለዚህ በግቢው ጥግ ግራይንደር ሰክቶ ለራሱም ለጎረቤቱም የሚቆርጥ ሰው አይታጣም። ሙያው የሚያስመሰግን ነው። እኛን የሚያሳስበን ግን መሣሪያ የሚመረጠው ብዙውን ጊዜ በዋጋውና በፍጥነቱ ብቻ መሆኑ ነው፤ የዓይንና የጣት ደኅንነት ግን በአብዛኛው የሚወሰነው ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት፥ በምርጫው ጊዜ ነው።

አሉሚኒየምን እንደ ብረት የሚቈጥረው ሰው ብዙ ነው፤ ጠባያቸው ግን የተለያየ ነው። ብረት የሚቀልጠው 1500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ሲሆን፥ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ከዚያም አስቀድሞ ይለሰልሳል። የብረት መቁረጫ ዲስክ እየፈጨ የሚቆርጥ ስለ ሆነ፥ የለሰለሰው አሉሚኒየም በዲስኩ ላይ ይለጠፍና ሻካራ ፊቱን ይደፍነዋል። የተደፈነ ዲስክ መቁረጡን ትቶ ይግላል፤ ሠራተኛው ደነዘ ብሎ ሲጫነውም ይነክስና ይሰበራል። ስፋቱ 115 ሚሊሜትር የሆነ ዲስክ በደቂቃ 11,000 ጊዜ ሲዞር ጠርዙ በሰዓት ወደ 240 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ ስባሪውም የሚወረወረው በዚሁ ፍጥነት ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ ትልቅ ዲስክ እንዲገባ ብሎ የግራይንደሩን መከለያ መፍታት፥ ወይም የእንጨት መቁረጫ ባለ ጥርስ ስለት በግራይንደር ላይ ማሰር ነው። ይህን ልማድ በምንም ምክንያት ልንደግፈው አንችልም።

ታዲያ ምን ይመረጥ? አንድ ወይም ሁለት መስኮት ለሚያበጅ ሰው፥ በእኛ አስተያየት፥ በእጅ የሚሠራው የብረት መጋዝ ይበቃዋል። ለዚህም አንድ ቀላል ደንብ አለ፤ ይኸውም ምን ጊዜም ቢሆን ቢያንስ ሦስት የመጋዝ ጥርሶች በሚቆረጠው አካል ላይ ማረፍ አለባቸው። በአንድ ኢንች 18 ጥርስ ያለው መጋዝ ውፍረቱ ከ3 ሚሊሜትር ለማያንስ፥ 24 ጥርስ ያለው ከ2 ሚሊሜትር በላይ ለሆነ፥ 32 ጥርስ ያለው ደግሞ ለቀጭኑ ይስማማል። የመስኮት ፕሮፋይል ግድግዳው ብዙ ጊዜ ከ1.5 ሚሊሜትር ያነሰ ስለ ሆነ፥ 32 ጥርስ ያለውም እንኳ አይበቃም፤ በዚህ ጊዜ መጋዙን አጋድሞ መሳብ ያስፈልጋል። ፕሮፋይሉ በሞርሳ ሲታሰር እንዳይጨፈለቅ በሁለት እንጨት መካከል ይግባ። ቀጭን ላሜራ ከሆነ መጋዙም ቀርቶ የላሜራ መቀስ ይበቃል። የተቆረጠው ጠርዝ ምላጭ ነውና ሳይውል ሳያድር በሞረድ ይሞረድ።

ሥራው የዘወትር መተዳደሪያ ከሆነ ግን ከላይ ወደ ታች የሚወርደውን ባለ ጠረጴዛ መቁረጫ ማሽን መግዛት ይሻላል። ስለቱ ለአሉሚኒየም ተብሎ የተሠራ፥ ጥርሱ ደቃቅና ብዛት ያለው፥ ጫፉም ካርባይድ ይሁን፤ በስለቱ ላይ የተጻፈው የዙር መጠን ከማሽኑ ዙር ማነስ የለበትም። አሉሚኒየሙ እንዳይለጠፍ፥ ማሽኑ ቆሞ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ፥ ስለቱን ሻማ መቀባት ይረዳል። በዚህ ፈንታ ላምባ የሚያፈስሱ አሉ፤ እሳት ስለሚስብ አንመክረውም። መብራት በሄደ ጊዜ ማሽኑን አጥፍቶ ሶኬቱን መንቀል ግዴታ ነው፤ አለዚያ መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ እጅ ባለበት ሊነሣ ይችላል።

የሱሉልታ ብርድ ጋቢ ያስለብሳል፤ ነገር ግን ጋቢም፥ ነጠላም፥ የእጅ ጓንትም በሚዞር ስለት አጠገብ ክንድን ጎትተው የሚያስገቡ ወጥመዶች ናቸው። ጓንት የሚደረገው ማሽኑ ቆሞ ስለታሙን ጠርዝ ለማንሣት ነው። ጆሮም ይሸፈን፤ 100 ዴሲቤል በሆነ ጩኸት ውስጥ ያለ መከላከያ በቀን ከ15 ደቂቃ በላይ መቆየት መስማትን ይጎዳል።

የአሉሚኒየም ብናኝ ይነድዳል። ስለዚህ የእንጀራ ምጣድ በሚጣድበት አጠገብ አይቆረጥም፤ ብናኙ ባለበትም ብረት እየቆረጡ ፍንጣሪ መርጨት አይገባም። ቢቀጣጠል በደረቅ አሸዋ ይሸፈን እንጂ ውሃ አይደፋበት፤ ውሃ ከሚነድደው አሉሚኒየም ጋራ ሲገናኝ ሃይድሮጅን የተባለውን ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣልና።

ስለ ዓይን ለሰበታ ሰው ብዙ መናገር አያሻንም፤ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት የሚገኘው በከተማው ነውና። የዓይን መከላከያው መነጽር ጎኑም የተከደነ መሆን አለበት። ቅንጣት ቢገባ ዓይንን ማሸት፥ በክብሪት እንጨት ወይም በነጠላ ጫፍ መጎርጎር ክልክል ነው፤ አሉሚኒየም በማግኔትም አይሳብም። በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ ነው፤ ካልወጣ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። መምህራንም ይህን ለተማሪዎቻቸው ቢነግሩልን እንወዳለን፤ በየግቢው መጋዝ ይዞ አባቱን የሚረዳው ብዙ ጊዜ ተማሪው ነው። ስባሪው ዓይኑን የወጋው ሰው ግን አይታጠብ፥ ዓይኑም አይጫን፤ በንጹሕ የወረቀት ኩባያ ተሸፍኖለት ሳይዘገይ የዓይን ሐኪም ወዳለበት፥ ለምሳሌ አዲስ አበባ ወደሚገኘው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፥ ይወሰድ።