የሥነ ጽሑፍ ማወዳደሪያ ፈተናና ከፈተና በኋላ የሚመጣ ሥጋት

ይህ ጽሑፍ ሁለት የሥነ ጽሑፍ ሥራዎችን በተወሰነ ሰዓት አወዳድሮ የጻፈ ተማሪ፥ ወረቀቱን ካስረከበ በኋላ ስለሚያድርበት ሥጋት ለማስረዳት የታሰበ ነው። ስለ ፈተና ፍርሃት ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ከፈተናው በፊት ያለው ሌሊት ነው። ነገር ግን ከፈተናው በኋላ የሚመጣውም ሥጋት ጉዳቱ ከዚያ የማያንስ ነው። በማግሥቱ ሌላ ፈተና አለና፥ በትናንቱ ወረቀት ሲብሰለሰል ያመሸ ተማሪ የነገውን ሳያነብ ይነጋበታል።

ነገሩን በሐረር በኤረር በር መመልከት ይቻላል። ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ወይም ከአዲስ አበባ የተመለሱ ተማሪዎች ከባጃጅ ወርደው ከበሩ አጠገብ ሲገናኙ፥ ሰላምታው ሳያልቅ «ያንን የማወዳደሪያ ጥያቄ ምን ብለህ ሠራኸው?» መባባል የተለመደ ነው። አንዱ «በገጸ ባሕርያቱ ነው ያነጻጸርኩት» ሲል፥ ሌላው «እኔ ስለ አተራረኩ ጻፍኩ» ይላል። ወዲያው ሁለቱም ዝም ይላሉ፤ እያንዳንዱም የተሳሳተው እርሱ ብቻ ይመስለዋል። እንግዲህ ይህ ሥጋት ከምን እንደሚነሣ እንመርምር።

1ኛ. የፈተናው ዐይነት

ተማሪው ወደ ዩኒቨርሲቲ የገባው በምርጫ ጥያቄ ተፈትኖ ነው። በዚያ ፈተና ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ትክክለኛ ፊደል አለ፤ የጓደኛህ መልስ ከአንተ ከተለየ ከሁለት አንዳችሁ ተሳስታችኋል። ዋጋውም ከባድ ነው። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። እንዲህ ባለ ወንፊት ያለፈ ተማሪ፥ ልዩነት ሁሉ ስሕተት መስሎ ቢታየው አያስደንቅም።

የማወዳደር ፈተና ግን እንደዚህ አይደለም። ለምሳሌ በ1908 እ.ኤ.አ. ሮማ ላይ የታተመውን የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን «ጦቢያ»ና የግርማቸው ተክለ ሐዋርያትን «አርአያ» አወዳድር የሚል ጥያቄ ቢመጣ፥ አንዱ ተማሪ የጉዞን ነገር ሊያነሣ ይችላል። በመጀመሪያው ሥራ ዋሕድ ከቤት ወጥቶ በባርነት ይወድቃል፤ በሁለተኛው አርአያ በፈረንሳይ አገር ተምሮ አገሩን ለማገልገል ይመለሳል። ሌላው ተማሪ ስለ ቋንቋው፥ ሦስተኛውም ደራሲዎቹ ስለ አገር ስላላቸው አሳብ ሊጽፍ ይችላል። ሦስቱም ሙሉ ማርክ ሊያገኙ ይችላሉ። የሐረር ጀጎል አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፤ አንዱ በኤረር በር፥ ሌላው በሸዋ በር ቢገባ ሁለቱም ከመካከለኛው ገበያ ይደርሳሉ። ይህ ማለት ግን መንገድ ሁሉ ያደርሳል ማለት አይደለም። ሁለቱን መጻሕፍት ለየብቻ ተርኮ፥ በመካከላቸው ምንም ሳያገናኝ የጨረሰ ሰው ከጠባቡ መተላለፊያ ውስጥ ቀርቷል።

2ኛ. የፍርዱ መዘግየት

በአገራችን የቆየ ትምህርት እንዲህ ያለ ሥጋት ጊዜ አያገኝም ነበር። የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ ከመምህሩ ፊት ይናገራል፤ መምህሩም እዚያው ሰምቶ ያርመዋል። የቁርአን ተማሪም በሉሁ ላይ የተጻፈውን ከመምህሩ ፊት ሲያነብ ስሕተቱ ወዲያው ይነገረዋል። እርማቱ ሊያሳፍር ይችላል፤ ነገር ግን ነገሩ በዚያው ያልቃል። የጽሑፍ ፈተና ግን በመልሱና በፍርዱ መካከል ሳምንታትን አስገባ። በጥር 3 ቀን 1855 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ሐረር ሲደርስ፥ የአሚሩ ፈቃድ እስኪመጣለት ድረስ በኤረር በር መጠበቅ ነበረበት። ተማሪም ወረቀቱን ካስረከበ በኋላ እንደዚሁ ነው፤ ውሳኔው ከእጁ ወጥቷል፥ አሳቡ ግን አልወጣም።

3ኛ. የማስታወስ ጠባይ

በ1927 እ.ኤ.አ. ብሉማ ዘይጋርኒክ የተባለች የሥነ ልቡና ተመራማሪ፥ ሰዎች ከጨረሱት ሥራ ይልቅ በመካከል የተቋረጠባቸውን አብልጠው እንደሚያስታውሱ ገልጻ ነበር። ኋላ የተደረጉ ምርመራዎች ሁሉ ይህንኑ ባያገኙም፥ አሳቡ ለጉዳያችን ብርሃን ይሰጣል። ደወል ሲደወል በግማሽ የቀረው የመጨረሻ አንቀጽ ሌሊቱን ይመላለሳል፤ በደንብ የተጻፉት ሦስት አንቀጾች ግን ከአእምሮ ይጠፋሉ። ስለዚህ ተማሪው በማታ የሚያስበው ፈተና ከጻፈው ፈተና ይከፋል።

ደግሞም ራሱ አራሚው ሚዛን አይደለም። በ1912 እ.ኤ.አ. ስታርችና ኤልዮት የተባሉ አሜሪካውያን ሁለት የእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀቶችን ለ142 መምህራን አሳርመው ነበር። ለአንደኛው ወረቀት የተሰጠው ማርክ ከ64 እስከ 98፥ ለሁለተኛው ከ50 እስከ 97 ሆነ። ወረቀቱ አንድ ሲሆን መምህራኑ ይህን ያህል ከተለያዩ፥ ተማሪው ከቤቱ ተኝቶ ማርኩን በትክክል ለመገመት መሞከሩ ከንቱ ድካም ነው።

ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ፥ ተማሪው በፈተናው ዕለት ለራሱ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ሁለቱን ሥራዎች በአንድ ነጥብ አገናኝቻለሁ ወይ? ከሁለቱም ምሳሌ ጠቅሻለሁ ወይ? ልዩነቱ ምን እንደሚያሳይ ተናግሬአለሁ ወይ? መልሱን በአጭሩ ጽፎ፥ ለሚቀጥለው ጊዜ የሚያርመውን አንድ ነገር ይወስን። በ2011 እ.ኤ.አ. ማሲካምፖና ባውማይስተር ያሳተሙት ጥናት እንደሚያመለክተው፥ ላልተፈጸመ ሥራ ቁርጥ ያለ እቅድ ማውጣት ብቻውን የሚመላለሰውን አሳብ ያቀለዋል።

ሁለተኛ፥ የሚቀጥሉት ፈተናዎች እስኪያልቁ መልስ ማመሳከር ይቅር። ጥሩ ውይይት ነው፤ ጊዜው ግን አይደለም። ቤተ ሰብም «እንዴት ነበር?» ብሎ አንድ ጊዜ ከጠየቀ ይበቃል።

ሦስተኛው ነገር የመምህራን ነው። ማርኩ ለምን ለምን እንደሚከፈል ከፈተናው በፊት ቢነገር፥ ከእርማት በኋላም በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ሁለት መስመር አስተያየት ቢጻፍ፥ አብዛኛው ሥጋት ምክንያት ያጣል። ቍጥር ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ተማሪው የት እንደ ወደቀ ይነግረዋል እንጂ እንዴት እንደሚነሣ አይነግረውም። የቅኔ መምህር ተማሪውን ፊት ለፊት ያርም የነበረው ጊዜ ተርፎት አይደለም፤ እርማቱን ከትምህርቱ አንዱ ክፍል አድርጎ ስለ ቈጠረው ነው።