ደረጃው የማን ነው?

የሰው ልጅ በተፈጥሮው የገዛ ንብረቱን አጥብቆ የሚወድ ፍጥረት ነው። በከተማችን ካሉት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ወደ አንዱ ወጥተን አንድ በር ብናንኳኳና ቢከፈትልን፣ ወለሉ ተወልውሎ እንደ መስተዋት ሲያበራ፣ የሶፋው ልብስ ታጥቦና ተተኩሶ፣ በረከቦቱም ላይ ሲኒዎቹ ተደርድረው እናገኛለን። እመቤቲቱም ጫማችንን አውልቀን እንድንገባ በትሕትና ይነግሩናል። ነገር ግን ከዚያው በር አንድ ርምጃ ወደ ውጭ የተመለስን እንደ ሆነ ሌላ አገር የገባን ይመስለናል። በደረጃው ማረፊያ ላይ የሽንኩርት ልጣጭ፣ እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ ካቻምና ቤት ሲታደስ የተረፈ የሲሚንቶ ከረጢት፣ በማዕዘኑ የሸረሪት ድር፣ ከላይም አምፑል የሌለው ሽቦ ተንጠልጥሎ ይታያል። በበሩ ውስጥና በበሩ ውጭ መካከል ያለው ርቀት አንድ ክንድ አይሞላም።

በዛሬው ጽሑፋችን ልንናገር የምንወደው ከበሩ ውጭ ስላለው ስለዚሁ ቤት ነው።

እንደሚታወቀው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 የወጣው በ1995 ዓ.ም ነው። ከዚያ በኋላ የሙከራው ግንባታ በገርጂ ተካሄደ፤ በ1997 ዓ.ም የአዲስ አበባ ነዋሪ ለቤት ተመዘገበ፤ በ2005 ዓ.ም ደግሞ ሌላ ምዝገባ ሆነ። ዕጣ የወጣለት እልል እያለ ቁልፉን ተቀበለ። ጎተራ፣ ልደታ፣ ጀሞ፣ ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ እያለ ከተማው ወደ ጎንም ወደ ላይም አደገ።

አዋጁ ነገሩን በሁለት ከፍሎ ነው ያየው። አንደኛው የእያንዳንዱ ሰው ቤት ሲሆን፣ ሁለተኛው ከቤቶቹ በቀር ያለው ክፍል ሁሉ ነው፤ ይኸውም ደረጃው፣ መተላለፊያው፣ ጣሪያው፣ ግቢው ነው። ይህ ሁለተኛው ክፍል የቤቶቹ ባለቤቶች ሁሉ የጋራ ሀብት ሆኖ፣ የሚያስተዳድረውም የባለቤቶቹ ማኅበር እንዲሆን ተደረገ። ስለዚህ ዕጣ የወጣለት ሰው የተቀበለው አንድ ቁልፍ ቢሆንም የገዛው ግን ሁለት ነገር ነው፤ የጣሪያው ድርሻ አብሮ ተሰጥቶታል። እኛ ግን «የጋራ» የሚለውን ቃል «የማንም» ብለን ተርጕመነዋል።

አንዳንድ አዋቂ ነን ባዮች «ሕዝባችን በጋራ መኖር አያውቅም» ሲሉ እንሰማለን። ይህ አነጋገር ለጆሮ ይጥም ይሆናል እንጂ እውነትነት የለውም። በጋራ መኖር የማያውቅ ሕዝብ ዕድርን ከየት አመጣው? የዕድሩ ድንኳን፣ የዕድሩ ብረት ድስት፣ የዕድሩ አግዳሚ ወንበር ስንት ለቅሶ አገልግሎ ዛሬም በዕቃ ቤቱ ይገኛል። የሳህኑ ጀርባ በቀለም ምልክት ተደርጎበታል፤ ብርጭቆ የሰበረ ይከፍላል፤ ከቀብር የቀረ ይቀጣል፤ ጸሐፊው ስም ሲጠራ «አቤት» ለማለት የማይቸኩል የለም። ይህን ያህል ሥርዓት የለመደ ሰው ኮንዶሚኒየም በገባ ማግሥት ጠባዩ የሚለወጥበት ምክንያት አይታየንም። ምክንያቱ ሌላ ስፍራ ነው ያለው፤ እሱንም ለማግኘት ሕንፃውን ከታች እስከ ላይ መመርመር ያስፈልጋል።

ከታች እንጀምር። የየቤቱ ፍሳሽ የሚወርደው ከላይ እስከ ታች በተዘረጋ የጋራ ቧንቧ ነው። በአራተኛው ፎቅ ያሉት ወይዘሮ የሊጡን እጣቢ፣ የቡናውን አተላ፣ ከድስት የተረፈውን ቅባት በማጠቢያው ይለቁታል። ቅባቱ ሲሞቅ ይፈሳል፤ ቧንቧው ውስጥ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ በረጋው ላይ አተላው ይጣበቃል፤ በአተላው ላይ ፀጉርና ክር ይጠመጠማል። አንድ ቀን ቧንቧው ይዘጋል። ሲዘጋ ግን የሚጐዳው አራተኛው ፎቅ አይደለም። የላይኛው ውሃ በሰላም ወርዶ ወርዶ መውጫ ባጣ ጊዜ፣ ምድር ላይ ባለው ሰው መጸዳጃ በኩል ይመለሳል። ያን ጊዜ የምድሩ ሰው ይጮኻል፤ የላዩ ሰው ምን እንደ ተጮኸ እንኳ አይሰማም። በአንጻሩ ጣሪያው ሲያፈስ የሚረጥበው የላዩ ነው፤ የምድሩ ሰው ደግሞ በተራው «እኔ ጣሪያ የለኝም» ይላል። በመካከል ያሉት ከሁለቱም መከራ የተገላገሉ ናቸውና መዋጮ ሲጠየቁ እጅግ ይደንቃቸዋል። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል፤ እዚህ ግን ባለቤቱ እየጮኸ ነው።

የጣሪያው ነገር ከሁሉ ይልቅ ያሳስበናል፤ ጕዳቱ ድምፅ ሳያሰማ የሚሠራ ነውና። አሸንዳው በቅጠል፣ በአቧራና በወፍ ጎጆ ይደፈናል። የሐምሌ ዝናብ መውረጃ ሲያጣ በግድግዳው ላይ ይለቀቃል። ቀለሙ ይላጣል፤ ይህ ትንሹ ነው። ውሃው በኮንክሪቱ ስንጥቅ ዘልቆ ውስጥ ያለውን ብረት ባገኘ ጊዜ ብረቱ ይዝጋል፤ የዛገ ብረት ደግሞ ከቀድሞ መጠኑ ያብጣል፤ ሲያብጥ ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል፤ በሰፋውም ስንጥቅ የከርሞው ዝናብ እንደ ልቡ ይገባል። ከበረንዳ ሥር ቆሞ ቀና ያለ ሰው ልስኑ ተገምሶ የወደቀበት፣ ብረቱም እንደ ጎድን አጥንት የወጣበት ሕንፃ አልፎ አልፎ ማየቱ አይቀርም። አሸንዳ ለማስጠረግ አንድ መሰላል፣ አንድ ብርቱ ሰውና ግማሽ ቀን ይበቃል። ኮንክሪት ለማስጠገን ግን መሐንዲስ ሊጠራ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ተረት እዚህ ላይ የማያስታውስ ሰው ያለ አይመስለንም፤ ነገር ግን ቅጠሉን የሚገዛው ማን እንደ ሆነ ተረቱ አይናገርም።

ሊፍት ስላላቸው ረዣዥም ሕንፃዎች ብዙ አንጽፍም። ሊፍቱ የቆመ ዕለት መዋጮ የከፈለውም ያልከፈለውም እኩል በእግሩ ይወጣል፤ ከዚህ የበለጠ ስብከት አያስፈልገውም።

የበዓሉን ነገር ሳናነሣ ብናልፍ ግን አንባቢ ይታዘበናል። እነዚህ ቤቶች ሲነደፉ ለእርድ፣ ለልብስ አጠባና ለእንጀራ መጋገሪያ የሚያገለግል የጋራ ሕንፃ አብሮ እንዲሠራ ታስቦ ነበር፤ ተሠርቷልም። ንድፉን ያወጡት ሰዎች የአገራቸውን ጠባይ የሚያውቁ ነበሩ ለማለት እንደፍራለን። ይሁንና ከነዚህ ሕንፃዎች ብዙዎቹ ለሌላ ሥራ ውለዋል፤ ስለዚህ በዓል ሲደርስ በሬው የሚወድቀው በግቢው መካከል፣ በጉም የሚታረደው ከደረጃው ሥር ነው። በቅርጫ ላይ ያለውን ፍትሕ ልብ ብሎ ያየ ሰው ይደነቃል። ሥጋው በመደብ በመደብ ይከፈላል፤ ሽንጡ ከሽንጥ፣ ጉበቱ ከጉበት ይመዛዘናል፤ ዕጣ ተጥሎም ለአሥሩ ሰው ቅንጣት ሳያደላ ይዳረሳል። ከዚያ በኋላ ሁሉም ድርሻውን ይዞ ወደ ቤቱ ይወጣል። ፈርሱና ደሙ በስፍራው ይቀራል፤ ፈርሱን የሚካፈል አሥራ አንደኛ ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ባለፈው ዓመት በአንድ ሕንፃ ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ተገኝተን ነበር። ስብሰባው የተጠራው ለሦስት ሰዓት ሲሆን የተጀመረው አምስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ከ20 ቤት የመጡት 7 ሰዎች ናቸው። የሚመከርበት ጉዳይ የደረጃው መብራትና የጽዳት ሠራተኛዋ ደመወዝ ነበር። ሊቀ መንበሩ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው የመዋጮውን መዝገብ ሲገልጡ ሦስት ወር ሙሉ ያልከፈለው ከግማሽ በላይ ሆኖ ተገኘ። አንድ ወጣት ተነሥቶ «እኔ ተከራይ ነኝ፤ ኪራዬን በየወሩ እከፍላለሁ፤ ሕንፃውን ባለቤቱ ያሳድስ» አለ። አነጋገሩ ጨዋነት ያለው ነበር። ሊቀ መንበሩም ስልካቸውን አውጥተው ለባለቤቱ ደወሉና ድምፁን ለሁላችንም አሰሙን። ባለቤቱ «ጋሼ፣ እኔ እኮ እዚያ አልኖርም፤ ደረጃውን የሚያቆሽሸው የሚኖርበት ነው፤ እሱ ያጽዳ» አሉ። ሁለቱም ትክክል ተናገሩ፤ አምፑሉ ግን አልተገዛም።

የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ያለ ይመስለናል። በዕድር የሚከፍለውም፣ የሚጠቀመውም፣ ስሙ የሚጠራውም አንድ ሰው ነው። በጋራ ሕንፃ ግን ይህ ሰው ለሁለት ተከፍሏል። የማኅበሩ አባል ባለቤቱ ነው፤ እሱም አንዳንዱ በሌላ ሰፈር፣ አንዳንዱም በዋሽንግተን ወይም በዱባይ ይኖራል፤ ኪራዩ በባንክ ይገባለታል፤ ደረጃው ስንት እርከን እንዳለው ረስቷል። በየቀኑ ጀሪካን ተሸክሞ የሚወጣው ተከራይ ደግሞ ስብሰባ ቢመጣ እንግዳ ነው፤ የሚከርምበትንም ጊዜ አያውቅም፤ ኪራይ ተጨምሮበት በሚቀጥለው ወር ሊለቅ ይችላል። ደረጃውን የሚወጣው ሰው ድምፅ የለውም፤ ድምፅ ያለው ሰው ደረጃውን አይወጣም። ይህን ሳያስተካክሉ በየግድግዳው ላይ «ቆሻሻ መጣል ክልክል ነው» ብሎ መጻፍ ቀለም ማባከን ነው እንላለን።

ማስተካከያው ከባድ አይደለም። በኪራይ ውሉ ላይ የጋራ መዋጮውን የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ የሚናገር አንድ መስመር ቢጨመር ክርክሩ በግማሽ ይቀንሳል። ተከራዮችም ቢያንስ በጽዳትና በመብራት ነገር ከኮሚቴው ጋር ተቀምጠው ቢመክሩ የሚጐዳ ሰው የለም። መዋጮውም ለወር ጽዳት የሚወጣውና ለጣሪያ፣ ለቧንቧ፣ ለፓምፕ የሚቀመጠው ተለይቶ ቢያዝ፣ ቧንቧው በፈነዳ ዕለት ሌሊት በር እያንኳኩ ገንዘብ መለመን ይቀራል። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ መሆኑን የምናውቅ ሰዎች ሳለን፣ ሃምሳውን ሎሚ በእኚያ ጡረተኛ መምህር ትከሻ ላይ መጫናችን አግባብ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ማረም ያስፈልጋል። የደረቅ ቆሻሻ ክፍያ ከውሃ ሂሳብ ጋር ስለሚቆረጥ፣ ብዙ ሰው የደረጃውም ጽዳት በዚያው የተከፈለ ይመስለዋል። ያ ገንዘብ ግን ቆሻሻውን ከሰፈር ለሚያነሡት ነው። ደረጃውን የምትጠርገው ሴት በሕንፃው መዋጮ የተቀጠረች ሌላ ሰው ናት። በሳምንት ሁለት ቀን ስትመጣ ውሃ ከየት እንደምትቀዳ የሚጠይቃት የለም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ባልዲዋን ይዛ በር ታንኳኳለች፤ የሚሰጣትም አንድ ቤት ነው፤ ሁልጊዜ ያው ቤት። አራቱን ፎቅ አጥባ መጥረጊያዋን ስታስቀምጥ ከላይ አንድ ሰው ምንጣፍ ያራግፋል። ደመወዟ ሦስት ወር ቆይቶ ሲሰጣትም እንደ ምጽዋት ይቈጠርባታል።

ከአንባቢዎቻችን መካከል ስቱዲዮ ለሁለት ለሦስት ተከራይተው የሚኖሩ ተማሪዎችና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ብዙዎች እንደ ሆኑ እናውቃለን። ቀን በቢሮው ስለ ሕዝብ ንብረት አጠባበቅ ደብዳቤ ሲያረቅ የዋለው ወጣት፣ ማታ የቆሻሻ ፌስታሉን ከበሩ ውጭ አስቀምጦ ይተኛል። ድመቲቱም ሌሊቱን ፌስታሉን በሚገባ መርምራ ሪፖርቷን በደረጃው ላይ ዘርግታ ታድራለች።

በጀርመን አገር በሽቱትጋርትና በአካባቢው አንድ የቆየ ልማድ አለ። በአንድ ሕንፃ የሚኖሩ ቤተ ሰቦች ደረጃውን የሚጠርጉት በየሳምንቱ በተራ ነው። ተራው የደረሰው ቤት በሩ ላይ ትንሽ ሰሌዳ ይሰቀልበታል፤ ሳምንቱ ሲያልቅ ሰሌዳው ወደ ጎረቤቱ በር ይተላለፋል። ወጭ ወራጁ ሁሉ ተረኛው ማን እንደ ሆነ ያነባል። በገርጂው ሙከራ ጊዜ የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት አብሮን ሠርቶ ነበርና፣ ስለ ብሎኬቱ ስንነጋገር ሰሌዳውንም አብረን ብናነሣ መልካም ነበር። ደግሞም ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የጽዋ ማኅበር ተራ እንዴት እንደሚዞር፣ ተረኛውም ጽዋውን ተቀብሎ እስኪያወጣ ድረስ እንዴት እንደሚጨነቅ ያላየ የለም። መጥረጊያ ከጽዋ ጋር አይወዳደርም የሚል ቢኖር መልስ የለንም፤ ተራ ግን ተራ ነው።

ስብሰባውን ባነሣነው ሕንፃ ውስጥ ከመስከረም ወዲህ ሁለት ተከራዮች ከኮሚቴው ጋር መቀመጥ ጀምረዋል፤ ከነሱም አንዱ ያ ጨዋ ወጣት ነው። የመጀመሪያ ሥራቸው የከፈለውንና ያልከፈለውን ሰው ስም በየፎቁ መለጠፍ ነበር። ዝርዝሩ ሁለት ጊዜ ተቀደደ፤ በሦስተኛው በመስተዋት ውስጥ ተደረገ። የአራቱም ፎቅ አምፑል በርቷል፤ የሁለተኛው ፎቅ ተሰርቆ በሽቦ መረብ ተሸፍኖ እንደ ገና ተገጥሟል። አሸንዳው ገና ነው። ቆርቆሮ ሠራተኛው የጠየቀውን ዋጋ ይዘው ሊቀ መንበሩ በየቤቱ እየዞሩ ስም በመጻፍ ላይ ናቸው።