ሚሊ ሜትር እና ሰዓት፦ ናቪጌሽን፣ ሮቦት እና ኦግመንትድ ሪያሊቲ በአከርካሪ ቀዶ ሕክምና

መግቢያ

ጀልዴሳ ከድሬዳዋ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ የምትገኝ የገጠር መንደር ናት። ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ እስኪደርስ ድረስ ከዘይላ ወደ ሐረር የሚጓዙ ሲራራ ነጋዴዎች ያርፉባት ነበር። ዛሬ በዚያ አካባቢ ከዛፍ ወድቆ ወይም በመኪና አደጋ አከርካሪው የተሰበረ ሰው በመጀመሪያ ወደ ድሬዳዋ፣ ጉዳቱ ውስብስብ ከሆነም ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ወደሚርቀው አዲስ አበባ ሊላክ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዘመናዊዎቹ የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ቴክኖሎጂዎች እንዴት እንደሚሠሩና ለእንዲህ ያለው ታካሚ የቱን ችግር እንደሚፈቱ ማብራራት ነው።

የትክክለኛነት ጥያቄ

የተሰበረ ወይም የተጣመመ አከርካሪ ብዙውን ጊዜ የሚጠገነው ብሎኖችን በፔዲክል ውስጥ አሳልፎ ከብረት ዘንግ ጋር በማያያዝ ነው። ፔዲክል የአከርካሪውን አካል ከኋላ ቅስቱ ጋር የሚያገናኝ አጥንታዊ ድልድይ ሲሆን፣ በመካከለኛው የደረት ክፍል ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ሊሆን ይችላል። በውስጥ ጎኑ ህብለ ሰረሰር ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው የገርትስባይንና የሮቢንስ ምደባ ብሎኑ ከአጥንቱ የወጣበትን ርቀት በ2 ሚሊ ሜትር እርከን ይለካል፤ ከ2 ሚሊ ሜትር በታች የወጣ ብሎን በአብዛኛው ተቀባይነት አለው።

የሦስቱ ቴክኖሎጂዎች አሠራር

ናቪጌሽን የታካሚውን የሲቲ ስካን ምስል በጠረጴዛው ላይ ከተኛው አካል ጋር ያዛምዳል። ካሜራ በአከርካሪው ላይ የተተከለውን ማጣቀሻና የሐኪሙን መሣሪያ ተከታትሎ የመሣሪያውን ጫፍ በምስሉ ላይ ያሳያል። ሮቦት በዚህ መረጃ ላይ ተመሥርቶ ክንዱን በታቀደው አቅጣጫ ያቆማል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው ስፓይንአሲስት የዚህ ዘርፍ ፈር ቀዳጅ ነው። በአብዛኞቹ ሥርዓቶች አጥንቱን የሚበሳው ግን ሐኪሙ ራሱ ነው። ኦግመንትድ ሪያሊቲ ደግሞ ምስሉን በሐኪሙ መነጽር አማካይነት በታካሚው ጀርባ ላይ ይደርባል፤ ሐኪሙም ዓይኑን ወደ ስክሪን ማዞር አያስፈልገውም።

ሦስቱም የሚጋሩት ድክመት አለ። ማጣቀሻው በክርን ተነክቶ ቢናጋ ምስሉና አካሉ ይለያያሉ፤ ስክሪኑ ግን ስህተቱን ሳያስታውቅ የተስተካከለ መስሎ ሊቀጥል ይችላል። በተዳፋት አጥንት ላይ የመሰርሰሪያው ጫፍ ሲንሸራተትም የሮቦቱ ዕቅድ ትክክል ሆኖ ብሎኑ ሊስት ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ በየጊዜው መሣሪያውን በሚታወቅ የአጥንት ምልክት ላይ አሳርፎ ያረጋግጣል። የሰውነትን አወቃቀር ጠንቅቆ የማያውቅ ሰው ይህን ስህተት ሊለየው አይችልም።

ሰዓት የሚፈልገው ጉዳት

ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ታካሚ ዕጣ በብሎኑ አቀማመጥ ብቻ አይወሰንም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ስታስሲስ የተባለ ጥናት በአንገት ጉዳት ላይ እንዳሳየው፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ታካሚዎች ዘግይተው ከታከሙት የተሻለ የነርቭ ማገገም አሳይተዋል። ለጀልዴሳው ታካሚ ከሮቦቱ የሚቀድሙት እንግዲህ በጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ አንገቱንና ጀርባውን ሳያንቀሳቅስ የሚያነሳው ሰው፣ አምቡላንስ፣ በቅርብ የሚገኝ ሲቲ ስካንና የሠለጠነ ቡድን ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና ለዚህ መሠረት ጥሏል።

ቴክኖሎጂው ይበልጥ የሚጠቅመው የተፈጥሮ ምልክቶች በተዛቡበት ጊዜ ነው። በአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ ወይም በከባድ ስኮሊዮሲስ የተጣመመ ጀርባ ለዚህ ምሳሌ ነው። ከእንዲህ ያሉ ኢትዮጵያውያን ታካሚዎች ብዙዎቹ በዶክተር ሪክ ሆድስ አስተባባሪነት ወደ ጋና ተልከው ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል።

ማጠቃለያ

ናቪጌሽን፣ ሮቦትና ኦግመንትድ ሪያሊቲ ሚሊ ሜትርን ይቆጥባሉ፤ ሰዓትን የሚቆጥቡት ግን መንገድ፣ ሥልጠናና ቅብብሎሽ ናቸው። መሣሪያው የሚገዛበት ቅደም ተከተል መወሰን ያለበት በዚህ ልዩነት ነው። አንድ ሆስፒታል ሮቦት ከመግዛቱ በፊት ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ ብሎኑ ምን ያህል በትክክል ይገባል የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ ታካሚው ከጀልዴሳ ተነስቶ በስንት ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ይደርሳል የሚለውም ነው።