ዕረፍት የማያስወግደው ድካም

ሥራ የሠራ ሰው መድከሙ የታወቀ ነው፤ ሌሊቱን በደኅና ተኝቶ ሲነሣም ኀይሉ ይመለስለታል። ነገር ግን ዕረፍት የማያስወግደው ድካም አለ። ሐኪሞች ሥር የሰደደ የድካም ሕመም ይሉታል። ምልክቶቹም ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የሚቆይ፥ የዘወትር ተግባርን የሚያስተጓጉል ድካም፤ ተኝተው ሲነሡ የማያበረታ እንቅልፍ፤ የሐሳብ መፍዘዝ ወይም ሲቆሙ ራስን ማዞር ናቸው። ዋናው መለያው ግን በሽተኛው ጥቂት ከሠራ በኋላ፥ ብዙ ጊዜም በማግሥቱ፥ ሕመሙ እጅግ የሚብስበት መሆኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1955 በሎንዶን ሮያል ፍሪ ሆስፒታል ከ200 የሚበልጡ ሠራተኞች ይህን በሚመስል ሕመም ተይዘው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ግን ሁለት የአእምሮ ሐኪሞች ነገሩ የጅምላ ሂስቴሪያ ነው ብለው ጻፉ። በተለመደው የደም ምርመራ ጉድለት ስለማይገኝም፥ ብዙ በሽተኞች ሰነፎች ተብለው ኖረዋል።

ዛሬ ተመራማሪዎች ምልክቱን ከአንጎል አጠገብ ይፈልጋሉ። አንጎልና ኅብለ ሰረሰር በጠራ ፈሳሽ ተከበዋል፤ በፈሳሹም ውስጥ ከአንጎል የሚወጡ ፕሮቲኖች ይገኛሉ። ወንዝ ሲደፈርስ በደጋው ዝናም መዝነቡ እንደሚታወቅ፥ ይህም ፈሳሽ በአንጎል የሚሆነውን ሊያመለክት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት፥ ከወገብ በመርፌ የተቀዳውን ፈሳሽ መርምሮ የሦስት ወገኖችን ፕሮቲኖች አስተያየ፤ እነርሱም ይህ ሕመም ያለባቸው፥ መዥገር ከሚያስተላልፈው የላይም በሽታ ታክመው ድካሙ ያልለቀቃቸው፥ ጤነኞችም ናቸው። ሥር የሰደደ ድካም ባለባቸው ብቻ የታዩ 738 ፕሮቲኖች ተገኙ። ድካማቸው የሚመሳሰለው ሁለቱ ወገኖችም በፕሮቲን ተለያዩ።

ይሁን እንጂ ፕሮቲኖቹ ሕመሙን ያመጡት ወይም ሕመሙ እነርሱን ያስከተለ መሆኑ ገና አልተለየም። በሽታውን ለይቶ የሚያረጋግጥ ምርመራም፥ ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒትም እስካሁን የለም።

ስለዚህ መምህራንና ወላጆች ሆይ፤ ዘወትር የሚደክም ልጅ ስታዩ በስንፍና ከመውቀስ በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት። የደም ማነስ፥ የሳንባ ነቀርሳና የእንቅርት ዕጢ ሕመም ሊድኑ የሚችሉ የድካም ምክንያቶች ናቸውና አስቀድመው ይመርመሩ። ሐኪሙ ሥር የሰደደ የድካም ሕመም ነው ካለ ግን፥ በግድ አታሠሩት። የእንግሊዝ አገር የሕክምና መመሪያ እንኳ፥ የሰውነት እንቅስቃሴን በየጊዜው እየጨመሩ ማሠራትን እ.ኤ.አ. በ2021 ትቶታል። ትምህርቱን ከፋፍላችሁ፥ በየመካከሉም እያሳረፋችሁ፥ በዐቅሙ መጠን እንዲሠራ አድርጉ።