የቤተ ሰብ ጥርስ አጠባበቅ

አንድ አባት የ9 ዓመት ሴት ልጁን ይዞ ሲጓዝ አድሮ በማለዳ እኔ ከምሠራበት ጤና ጣቢያ ደረሰ። የልጅቱ ጉንጭ እጅግ አብጦ ዓይንዋን ሊከድን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ስለ ሕመሙ አመጣጥ ብጠይቀው፥ «ዶክተር፥ የወተት ጥርስ መስሎን ነው የተውነው፤ ይወልቅና ሌላ ይተካል ብለን ነበር» ሲል መለሰልኝ።

ይሁን እንጂ ያ ጥርስ የወተት ጥርስ አልነበረም። ልጆች 6 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው፥ ከወተት ጥርሶች ሁሉ በስተኋላ፥ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ዝም ብሎ የሚበቅል ትልቅ መንጋጋ አለ። በዚህም ምክንያት ብዙ ወላጆች ከወተት ጥርስ ጋራ ይቈጥሩታል። በሽታው ገፍቶ ስለ ነበረ ጥርሱን መንቀል ግድ ሆነ። ልጅቱ ከሕመምዋ ዳነች፤ ነገር ግን ዕድሜ ልክዋን ልታኝክበት የተሰጣትን ጥርስ ገና በ9 ዓመትዋ አጣች። ለዚህ ጕዳት ምክንያቱ የወላጆች ፍቅር ማነስ አይደለም፤ ዕውቀት አለማግኘት ነው እንጂ። ስለዚህ በዚህ ወር ጽሑፋችን ስለ ጥርስ አጠባበቅ ማንኛውም ቤተ ሰብ ሊያውቀው የሚገባውን በአጭሩ እናስረዳለን።

ስለ ጥርስ አፈጣጠር

ሰው በዕድሜው ሁለት ጊዜ ጥርስ ያበቅላል። የመጀመሪያዎቹ 20 የወተት ጥርሶች ሕፃኑ 6 ወር ገደማ ሲሆነው መውጣት ይጀምሩና በሁለት ዓመት ተኩል አካባቢ ይፈጸማሉ። ከ6 ዓመት ጀምሮ በየተራ የሚበቅሉት ቋሚ ጥርሶች ደግሞ፥ ኋላ የሚመጡት የመጨረሻዎቹ መንጋጎች ሲጨመሩባቸው፥ 32 ይሆናሉ።

የጥርስ የላይኛው ሽፋን ከሰውነታችን ክፍሎች ሁሉ የጠነከረ ነው። ሆኖም አጥንት ቢሰበር እንደሚገጥም፥ ቍስልም እንደሚሽር፥ ይህ ሽፋን አንድ ጊዜ ከተቦረቦረ በኋላ ተመልሶ አይበቅልም። ከሽፋኑ በታች ለስላሳ ክፍል፥ ከዚያም በታች የደም ሥርና ነርቭ ይገኛሉ። ሕመም የሚሰማን ጕዳቱ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ነው። ስለዚህ ጥርስ እስኪያም ድረስ የሚጠብቅ ሰው፥ ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ ውሃ እንደሚቀዳ ሰው ነው።

ጥርስን የሚያበላሸው ምንድን ነው?

በአገራችን በብዙ ስፍራ ጥርስን የሚበላው ትል ነው ይባላል። ትሉን ለማስወጣትም የተክል ፍሬ በፍም ላይ ጥለው ጢሱን በአፋቸው የሚቀበሉ አሉ። ይህ እምነት የእኛ ብቻ አልነበረም፤ አውሮፓውያንም ለብዙ ዘመን እንዲሁ ያምኑ ነበር። ፒዬር ፎሻር የተባለው ፈረንሳዊ የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1728 ባሳተመው መጽሐፍ የትሉን ነገር አልተቀበለውም። እ.ኤ.አ. በ1890 ደግሞ በበርሊን ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው ዊሎቢ ሚለር እውነተኛውን ምክንያት አብራርቶ ጻፈ።

ምክንያቱም ይህ ነው። በአፋችን ውስጥ በዓይን የማይታዩ ብዙ ተሐዋስያን ይኖራሉ። እነዚህ ተሐዋስያን በጥርስ ላይ ቀጭንና የሚያጣብቅ ንጣፍ ይሠራሉ። እኛ ስኳር ስንበላ እነርሱም ከስኳሩ ይመገባሉ፤ ከተመገቡም በኋላ አሲድ ያወጣሉ። አሲዱም የጥርሱን ሽፋን ጥቂት በጥቂት ያሟሟዋል። ምራቃችን አሲዱን እያለዘበ የተጐዳውን ለመጠገን ይሠራል፤ ነገር ግን ለዚህ ሥራው ጊዜ ያስፈልገዋል።

ከዚህ አንድ ታላቅ ትምህርት እናገኛለን። ጕዳቱ የሚለካው በስኳሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን ስኳር ወደ አፍ በሚገባበት ጊዜ ብዛትም ነው። አንድ ጊዜ ከምሳ ጋራ ጣፋጭ የበላ ልጅ ጥርሱ አንድ ጊዜ ይጠቃል፤ ከረሜላ በኪሱ ይዞ ቀኑን ሙሉ ሲመጥ የሚውለው ልጅ ግን ለምራቁ ፋታ አይሰጠውም። ለአዋቂዎችም ነገሩ ያው ነው። አቦል፥ ቶናና በረካውን እያንዳንዱን በስኳር የሚጠጣ ሰው ጥርሱን ሦስት ጊዜ በአሲድ ያጥባል ማለት ይቻላል። ቡናውን መተው አያስፈልግም፤ ስኳሩን መቀነስ ግን ይገባል። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፥ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር ሰው በቀን ከምግቡ ከሚያገኘው ኀይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፥ ቢቻልም ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ መክሯል።

መፋቂያና የጥርስ ቡርሽ

በውጭ አገር እማር በነበረበት ጊዜ አንድ መምህሬ «በአገርህ ሰዎች ጥርሳቸውን በምን ያጸዳሉ?» ብሎ ቢጠይቀኝ፥ እንጨት ነው ለማለት አፍሬ ዝም አልሁ። እርሱ ግን ስለ መፋቂያ በመልካም ሁኔታ የተጻፈ ጽሑፍ አውጥቶ አሳየኝ። ያን ቀን ያፈርሁት በመፋቂያው ሳይሆን በራሴ አለማወቅ ነው።

ከወይራ፥ ከልምጭ ወይም ከክትክታ የተቈረጠ ለጋ እንጨት በሚገባ ከተያዘ ጥርስን ያጸዳል። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ጫፉ ታኝኮ እንደ ቡርሽ ይለስልስ፤ ከዚያም ከድድ ወደ ጥርሱ ጫፍ አቅጣጫ በቀስታ ይፈግፈግ። የፊት ጥርሶችን ብቻ አጽድቶ መንጋጎችን መተው የብዙዎቻችን ጥፋት ነው፤ ጥርስ የሚበሰብሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ በመንጋጋ ነው። ጫፉ ሲያረጅ ተቈርጦ አዲስ ይታኘክ። አንድን መፋቂያ ለሁለት ሰው መጠቀም አይገባም።

የጥርስ ቡርሽና ሳሙና ያለው ቤተ ሰብ በቀን ሁለት ጊዜ፥ ይልቁንም ማታ ከመተኛት በፊት፥ ለሁለት ደቂቃ ያህል ይቦርሽ። በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ስለሚቀንስ የማታው ንጽሕና ከሁሉ ይበልጣል። ቡርሹ ለስላሳ ይሁን፤ በየ3 ወሩም ይለወጥ። ልጆች 7 ወይም 8 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ እጃቸው ስለማይጠነክር ወላጅ ይርዳቸው።

ስለ ፍሎራይድ

በጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚገኘው ጠቃሚ ነገር ፍሎራይድ ነው። የተገኘበትም ታሪክ ያስደንቃል። እ.ኤ.አ. በ1901 ፍሬድሪክ ማኬይ የተባለ ወጣት የጥርስ ሐኪም በአሜሪካ በኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከተማ ሥራ ሲጀምር፥ የብዙ ነዋሪዎች ጥርስ ቡናማ ሆኖ አገኘው። እየቈየም እነዚህ ቡናማ ጥርሶች እምብዛም እንደማይበሰብሱ አስተዋለ። የነገሩ ምክንያት በውሃቸው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ መሆኑ በ1931 ታወቀ። በ1945ም የግራንድ ራፒድስ ከተማ በመጠጥ ውሃው ላይ በልክ ፍሎራይድ በመጨመር የመጀመሪያ ሆነች።

ልኩ ሲገኝ የሚጠቅመው ይህ ነገር ሲበዛ ይጐዳል። በስምጥ ሸለቆአችን፥ ለምሳሌ በወንጂ አካባቢ፥ የብዙ ጕድጓድ ውሃ የዓለም የጤና ድርጅት ከፈቀደው በሊትር 1.5 ሚሊግራም እጅግ የበለጠ ፍሎራይድ አለበት። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ይህን ውሃ የጠጡ ልጆች ጥርሳቸው ቡናማ ይሆናል፤ ለብዙ ዓመት የጠጡትም አጥንታቸው ሊጐዳ ይችላል። ስለዚህ ጥርሱ ቡናማ የሆነውን ሰው «አይፋቅም» ብሎ መስደብ ትልቅ በደል ነው። ውሃን ማፍላት ፍሎራይድን አያስወግድም። በእነዚህ ስፍራዎች የሚኖሩ ወላጆች ለሕፃናት የዝናብ ውሃ በንጹሕ ዕቃ ቢያጠራቅሙ ወይም ተመርምሮ የተፈቀደ ውሃ ቢያጠጡ ይበጃል።

ለሌላው ሁሉ ከ1000 እስከ 1500 ፒ.ፒ.ኤም. ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ይስማማል። ከ3 ዓመት በታች ላለ ሕፃን የሩዝ ፍሬ የምታህል፥ ከ3 እስከ 6 ዓመት ላለ ልጅ የአተር ፍሬ የምታህል ትበቃዋለች።

ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን

«አንድ ልጅ አንድ ጥርስ ይወስዳል» ማለት ስሕተት ነው። ፅንስ ከእናቱ ጥርስ ካልሲየም አይወስድም። በእርግዝና ጊዜ ድድ በቀላሉ ያብጣል፥ ይደማልም፤ የሚሻለውም መፋቁን በመተው ሳይሆን በማዘውተር ነው።

ሕፃን የመጀመሪያ ጥርሱ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ጥርሱ በለስላሳ ጨርቅ ወይም በትንሽ ቡርሽ ይጸዳ። ጣፋጭ ነገር የያዘ ጡጦ በአፉ ይዞ እንዲተኛ አይደረግ።

እዚህ ላይ አያቶችንና እናቶችን በታላቅ አክብሮት የምለምነው ነገር አለ። ሕፃን ሲያተኵሰውና ሲያስቀምጠው ድዱ ላይ የሚታየውን እብጠት «ግግ» ብለው በመርፌ ወይም በሌላ ስለት የሚያስወጡ አሉ። የሚወጣው ነጭ ነገር ትል አይደለም፤ ገና ያልበሰለው የሕፃኑ ጥርስ ነው። ሕፃኑ በዚህ ምክንያት ደሙ ሊፈስ፥ መንጋጋ ቆልፍም ሊይዘው፥ ሊሞትም ይችላል። ከሥር ያለው ቋሚ ጥርስም ተበላሽቶ ይበቅላል። ወደ እስራኤል በሄዱ ትውልደ ኢትዮጵያ ልጆች አፍ ይህ ጕዳት እንደሚታይ የዚያ አገር የጥርስ ሐኪሞች ጽፈዋል። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን የሚፈልገው ስለት ሳይሆን የእናት ጡት፥ በንጹሕ ውሃ የተበጠበጠ ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ሕክምና ነው።

ለአዋቂዎችና ለሽማግሌዎች

ጥርስ በእርጅና ብቻ አይረግፍም። አዋቂን ጥርስ ከሚያሳጡት ዋና ምክንያቶች አንዱ የድድ በሽታ ነው። ሲፋቁ የሚደማ ድድ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነው። ትምባሆ በሽታውን ያባብሳል፤ የስኳር በሽታ ያለበትም ሰው ለድድ በሽታ የተጋለጠ ስለ ሆነ አብልጦ ይጠንቀቅ። ቅርንፉድ በታመመ ጥርስ ላይ ማድረግ ለጊዜው ሕመም ያስታግሣል፤ የተቦረቦረውን ግን አይሞላም።

ወደ ሐኪም ሳይዘገዩ የሚሄዱበት ጊዜ

1ኛ/ ፊት ወይም አንገት ሲያብጥ፥ ትኵሳት ሲኖር፥ ለመዋጥ ወይም አፍ ለመክፈት ሲያስቸግር።

2ኛ/ ከኵፍኝ ወይም ከረኀብ በተነሣ ሕፃን ድድ ላይ ቍስልና መጥፎ ሽታ ሲታይ። ይህ ኖማ የተባለው በሽታ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። ኖማ በጥቂት ቀናት ጕንጭን የሚበላ ነው፤ ነገር ግን በጊዜ ከተደረሰበት በመድኀኒት ይቆማል። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ትኵረት ካጡ በሽታዎች መዝገብ አስገብቶታል።

3ኛ/ የልጅ ቋሚ ጥርስ በአደጋ ሲወልቅ። ሥሩን ሳይነኩ በጫፉ ይዞ፥ ቢቻል በቦታው መልሶ፥ ባይቻል በወተት ውስጥ አድርጎ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል። የወተት ጥርስ ከሆነ ግን አይመለስም።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ልጆቻችሁን ወደ ብርሃን አቅርባችሁ አፋቸውን ክፈቱ፤ ከሁሉ በስተኋላ ያለውን መንጋጋ ተመልከቱ። ጥቍር ነጥብ ወይም ቀዳዳ ብታዩ፥ ሕመሙን ሳትጠብቁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። ያ አባት ልጁን ይዞ ሌሊቱን የተጓዘው በወዳጅነቱ ነበር፤ እናንተ ግን በቀን፥ በጊዜው ልትደርሱ ትችላላችሁ።