ከዲዩቲ ወደ ማስተርስ፦ የደሴና የኮምቦልቻ ነርሶች የትምህርት መንገድ

ማስተርስ ያሰበ የደሴ ነርስ ትምህርት ክፍል ከመምረጡ በፊት ሁለት ነገር ያሰላል፤ መሥሪያ ቤቱ ይለቀዋል ወይ፣ ሲማርስ ደመወዙ ይቀጥላል ወይ? የርቀቱ ነገር እንኳ ከድሮው ቀሏል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከፍ ያለ ትምህርት የፈለገ ጓዙን ይዞ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ጅማ መሄድ ነበረበት። ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ደሴ ላይ ባለው የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጁ በነርሲንግም በኅብረተሰብ ጤናም ማስተርስ ያስተምራል። የኮምቦልቻው ግቢ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ስለሆነ የኮምቦልቻ ነርስ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የሐረጎን ዳገት መውጣቱ አይቀርም።

በሩ ላይ ፈተና አለ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ትምህርት ሚኒስቴር ለድኅረ ምረቃ አመልካቾች አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። ፈተናው የሚለካው በዋናነት የቋንቋና የስሌት ችሎታን እንጂ መርፌ የመውጋት ልምድን አይደለም። ዐሥር ዓመት በዎርድ የቆየች ሲስተር ከትምህርት ቤት በኋላ ነክታው የማታውቀውን የሒሳብ ጥያቄ በናይት ተራዋ፣ የሁለት ሰዓቱን መድኃኒት ሰጥታ ስትጨርስ፣ በስልኳ ትለማመዳለች። ከሥራ ላይ ለሚመጣ ሰው ይህ ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ክሊኒካል ነው፤ የአዋቂዎች ጤና፣ የሕፃናት፣ የድንገተኛና ጽኑ ሕክምና ነርሲንግ፣ በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ የጨቅላ ሕፃናትና የካንሰር ነርሲንግ። መደበኛው ሁለት ዓመት ይፈጃል። የአልጋ ዳር ልምምድ ስላለው ሥራን ይዞ መማር ይከብዳል። ሁለተኛው የኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ ነው፤ የክፍል ትምህርቱና የመረጃ ትንተናው ከዲዩቲ ጋር ስለሚስማማ ብዙ ሠራተኛ የሚመርጠው እሱን ነው። ምርጫው ግን መዘዝ አለው። ይህን የጨረሰ ነርስ ብዙውን ጊዜ ወደ ጤና መምሪያ፣ ወደ ፕሮጀክት ወይም ወደ ጥናት ሥራ ያዘነብላል፤ ወደ ዎርድ የሚመለሰው ጥቂት ነው።

ዎርዱ ደግሞ የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። በ2012 ኮሮና ሲገባ ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የበሽታው ሕክምና ማዕከል ሆኖ ነበር፤ ኦክስጅን ላይ ያለን ሕመምተኛ ሌሊቱን ሙሉ መከታተል የማን ሥራ እንደሆነ ያኔ ታይቷል። በ2014 የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ የደሴ ሆስፒታል ተዘረፈ። መሣሪያው ቀስ በቀስ ይተካል፤ ቬንቲሌተር ሲጮኽ ምን እንደሆነ ለይቶ የሚያውቅ ነርስ ግን በግዢ አይመጣም። እኔን ቢጠይቁኝ ለዚህ አካባቢ ቅድሚያ የምሰጠው ለድንገተኛና ጽኑ ሕክምና ነው።

ኮምቦልቻ የራሷ ጣጣ አላት። በጨርቃ ጨርቅና በቢራ ፋብሪካዎቿ ላይ በ2009 የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተጨምሯል። የፋብሪካ ክሊኒክ ነርስ የተቆረጠ ጣት ያስራል፣ ዓይን ውስጥ የገባ የብረት ፍንጣሪ ያያል፣ በጥጥ ብናኝ የሚያስለውን ሠራተኛ ይመዘግባል። ለዚህ የሚቀርበው የአካባቢና የሥራ ላይ ጤናና ደኅንነት ማስተርስ ነው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያስተምረዋል። ሰው ግን ብዙም አያስበውም።

ውጭ አገር ለመሄድ ሲል ማስተርስ የሚማርም አለ። አሜሪካ የነርስነት ፈቃድ የሚሰጠው የመጀመሪያው የነርሲንግ ትምህርት ተገምግሞ፣ ኤንክሌክስ የተባለው ፈተና ሲታለፍ ነው። ማስተርሱ ብቻውን ፈቃድ አያስገኝም።

አብዛኛውን ሰው የሚያቆመው ግን ስፖንሰር ነው። መንግሥት ደመወዝ እየከፈለ የሚያስተምረው ሰው ተመልሶ ለማገልገል ውል ይፈርማል፤ ለውድድሩ የአገልግሎት ዘመንና የሥራ አፈጻጸም ይታያል። የቀረው በራሱ ከፍሎ፣ ቅዳሜና እሑዱን ለትምህርት፣ ሌላውን ቀን ለተረኛነት አድርጎ፣ ዲዩቲውን ከባልደረባ ጋር እየተለዋወጠ ይማራል። ቴሲሱ ሲደርስ ያ ልውውጥ አይበቃም፤ መረጃ መሰብሰቢያ ጊዜ ያስፈልጋል፣ የዓመት ፈቃዱም እዚያ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ርዕስ ሲመረጥ የራስን ሆስፒታል ካርዶች ወይም የራስን ዎርድ ችግር መያዝ ያዋጣል።

ዲግሪው ከተያዘ በኋላም በጽኑ ሕክምና ማስተርስ ይዞ ተመላላሽ ክፍል የሚመደብ አይጠፋም። አንዳንዱ ይህን አይቶ ወደ ማስተማር ይሄዳል። የስፖንሰር ውል ከመፈረም በፊት ተመልሰው የሚሠሩበትን ክፍል በደብዳቤ ማስጻፍ ይሻላል፤ ማትሮኗም የሰው ኃይል ክፍሉም ቅጂው ይኑራቸው።