በጋውን ከመሬት በታች የምታሳልፍ ነፍሳት በል ተክል



ወጣት ተመራማሪ ሳለሁ በጥር ወር ደሃና ውስጥ አንድ ተዳፋት ተመልክቼ በማስታወሻዬ ላይ «ዕፅዋት የሌሉበት ራቁት መሬት» ብዬ መዘገብሁ። በሐምሌ ስመለስ፣ ያው ተዳፋት በከርሰ ምድር ከርመው ብቅ ባሉ ቅጠሎች ተሸፍኖ አገኘሁት። የስሕተቴን ምንነት በሚገባ ያስረዳችኝ ግን በሩቅ አገር የምትበቅል አንዲት ተክል ናት፤ የዛሬው ንግግሬም ስለ እርሷ ነው።

ስሟ ድሮሴራ ኤሪትሮራይዛ ነው፤ መኖሪያዋ ደቡብ ምዕራብ አውስትራሊያ። በዚያ ዝናቡ በአብዛኛው ከግንቦት እስከ ነሐሴ ይጥላል፤ ከዚያ በኋላ ረጅምና ሞቃት በጋ ይከተላል። አፈሩ እጅግ ያረጀ በመሆኑ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይጎድሉታል። ስለዚህ ተክሏ የአፈሩን ድህነትም የበጋውን ድርቀትም መቋቋም አለባት።

ድህነቱን የምትቋቋመው በቅጠሎቿ ነው። በመሬት ላይ የተነጠፉት ቅጠሎች በጥቃቅን ፀጉሮች የተሸፈኑ ሲሆኑ፣ በየፀጉሩ ጫፍ ጤዛ የሚመስል ሙጫ አለ። በሙጫው የተያዙትን ነፍሳት ቅጠሉ በሚያመነጨው ኢንዛይም ያልማቸዋል። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1875 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የዚህችን ተክል ዘመድ መርምሮ፣ ቅጠሎቹ ናይትሮጅን ላለው ነገር ለይተው ምላሽ እንደሚሰጡ አሳይቷል። ልብ በሉ፤ ተክሏ ኃይሏን የምታገኘው እንደ ማንኛውም አረንጓዴ ተክል ከፀሐይ ብርሃን ነው። ነፍሳቱ ለእርሷ ፍግ እንጂ እንጀራ አይደሉም።

ድርቀቱን የምትቋቋመው ደግሞ በከርሰ ምድር ነው። ዝናቡ ሳያበቃ፣ ድንች የመሰለ አዲስ ግንድ ከመሬት በታች ታበጃለች፤ ከነፍሳቱ ያገኘችው ናይትሮጅንም ወደዚያው ይከማቻል። ገበሬ ለክፉ ቀን እህሉን በጉድጓድ እንደሚያኖር ማለት ነው። በጋ ሲገባ ቅጠሎቿ ደርቀው ይጠፋሉ። ሰደድ እሳት ቢያልፍባት እንኳ የተቀበረው ግንድ ይተርፋል።

እንግዲህ «መሬቱ ደሃ ነው፤ ይልማ» ብለን ማዳበሪያ ብንጨምርበት፣ ፈጥነው የሚያድጉ ዕፅዋት ጥላ አጥልተው ያጠፏታል። በእርግጥም በዚያ አካባቢ ሰፊ የተፈጥሮ መሬት ለስንዴ እርሻ ተመንጥሯል። ለገበሬው ጉድለት የሆነው የአፈር ድህነት ለእርሷ መጠጊያ ነበር።

ወደ ደሃና ልመለስ። በዋግ ደጋ ዝናቡ አጭር፣ በጋው ረጅም ነው። የጥናት ጉዟችን ደግሞ መንገድ በሚደርቅበት፣ ዕፅዋቱም ከመሬት በታች በሚሸሸጉበት ወቅት ይበዛል። በዚያ ጊዜ «ባዶ» ብለን የምንጽፈው ቃል ነገ አንድን ተዳፋት ለእርሻ ወይም ለሌላ ሥራ ለማዋል ምክንያት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ «ባዶ» ብላችሁ ከመመዝገባችሁ በፊት በሐምሌ አንድ ጊዜ ተመለሱ። እኔ ያንን ማስታወሻዬን ያረምሁት ከስድስት ወር በኋላ ነው፤ ተዳፋቱ እስክመለስ ስለ ጠበቀኝ ዕድለኛ ነበርሁ።